ሾላ ምንጭ ድምፅ የሰጠበት ቀን

ከወረዳው ምክር ቤት ስሰናበት ጋቢ አለበሱኝ። ጥሩ ጋቢ ነው፤ ሰቆጣ ገበያ እንኳ ተፈልጎ የሚገኝ ዓይነት። ወረዳዋን በስሟ አልጠራም፤ ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው፣ እኔም የቀረችኝን ዕድሜ በሰላም ልኑርባት። አፈ ጉባኤው ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጣል እያደረገ «የሕዝብ ድምፅ ሆነው ስላገለገሉን» አለ፤ ተጨበጨበ። ድምፅ የምትለዋን ቃል ባያነሣት ኖሮ አመስግኜ ቤቴ እገባ ነበር። አነሣት። ጋቢው ሳጥን ውስጥ ነው፤ አንድም ቀን ለብሼው አላውቅም።

የተወለድኩት ጋዝጊብላ ነው፤ በትዳር ነው ወደዚህ ወረዳ የወረድኩት። ኽምጣና የእናቴ ቋንቋ ነው። አማርኛውን ገበያ ላይ ለቃቀምኩት፣ ማንበብና መጻፉን በመሠረተ ትምህርት ዘመን ተማርኩት፤ ኋላም እኔው አስተማሪ ሆንኩ። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ ካድሬዎች መንደራችን መጡና ሁለቱንም ቋንቋ የምትችል ሴት እንፈልጋለን አሉ። ባሌ ሞቶ ስለነበር «ባሌ አይፈቅድም» የሚል ሰበብ እንኳ አልነበረኝም። ጉባኤ ተጠራ፣ ስሜ ተነሣ፣ እጅ ወጣ፣ ተመረጥኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ለሴቶቹ አንድ ነገር እሠራለሁ ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር፤ ዛሬ ያንን ሳስታውስ በራሴ እስቃለሁ፣ ሳቄም ደስ አይልም።

ደመወዝ የለውም። የስብሰባ ቀን የምትሰጥ ውሎ አበል ነበረች፤ ጫማዬን ታስጠግናለች።

የምክር ቤቱ አዳራሽ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ነበር። ዝናብ ሲመታው ማንም ማንንም አይሰማም፤ ስብሰባው ግን አይቋረጥም። ቶሎ የተማርኩት ነገር አጀንዳ ከመጀመሩ በፊት ያለቀ መሆኑን ነው። የፊት ወንበር ላይ የድርጅቱ ሰዎች ይቀመጣሉ። ፓርቲውን «ድርጅቱ» ነው የምንለው፣ በዓለም ላይ ሌላ ድርጅት የሌለ ይመስል። የፊተኛው እጅ ሲያወጣ መካከለኛው ያወጣል፤ የኋላው መካከለኛውን ያያል። ከኋላ የሚያንቀላፋ ሰው እንኳ እጁ ተሳስቶ አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አያ ኪሮስ ብቻ ቁጭ ብለው እጅ አያወጡም ነበር። ማሽላ የሚያርሱ፣ ፍየል የሚያረቡ የቆላ ሰው ናቸው፤ አንድ ልጃቸው ለትግሉ ወጥቶ ሳይመለስ ቀርቷል፤ ስለዚህ ድርጅቱም በቀላሉ አይዳፈራቸውም ነበር። ድምፅ ሊሰጥ ሲል ብድግ ይላሉ፣ ቆባቸውን ያወልቃሉ፣ ምክንያታቸውን ይናገራሉ፤ እጃቸው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። አፈ ጉባኤው ይሰለቻል።

«አያ ኪሮስ፣ እጅዎን ብቻ ያውጡልን፤ ጊዜ የለንም።»

«እጄ ምን እንዳለ በምን ታውቃላችሁ? ዝንብ ሳባርርም አወጣዋለሁ እኮ።»

ሰው ይስቃል። ሳቁ እንዳበቃ ንግግራቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ፤ ሳይጨርሱ አይቀመጡም።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስለ አንድ መንደር የሚወሰን ነገር ካለ አስቀድመው እዚያ ይሄዳሉ፤ በእግር ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። ሲደርሱ ጠላ ቢቀርብላቸው «ቆይ» ይሉና ሕዝቡ የሚጠጣውን ውኃ ያስመጣሉ። በቅል ተቀድቶ ይመጣል። እስከ አተላው ይጠጡታል። «የማልጠጣውን ውኃ ለሰው ይበቃዋል ብዬ አልወስንም» ይሉኝ ነበር። ወንዶቹ በሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አይቀመጡም፤ ምንጩ ላይ ይወርዱና ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች ያነጋግራሉ። ሴቶቹ መጀመሪያ ያፍራሉ፣ ኋላ የሆዳቸውን ይነግሯቸዋል። እኔም እንደዚያው ማድረግ ጀመርኩ። ሆዴን ብዙ ጊዜ አሞኛል፤ ግን ከዚያ ወዲያ ስለ ውኃ ስናገር የምናገረውን አውቀው ነበር።

የኔ ዋና ሥራ ማስተርጎም ሆነ። ካድሬው በአማርኛ ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ እኔ ወደ ኽምጣና ስመልሰው አጭር ይሆናል። ሰው ይገረማል፤ «ያን ሁሉ ጊዜ የተናገረው ይህችን ብቻ ነውሳ?» ይሉኛል። ምን ላድርግ፣ ሌላው ተሸክሜው የምሻገረው ነገር አልነበረውም።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ በነበረው የአካባቢ ምርጫ መራጭ እንዳስተምር ሾላ ምንጭ ተላክሁ። ገደል ሥር ያለች ቆላማ መንደር ናት፤ ስሟን ያወጣላት አንድ ትልቅ ሾላና ከሥሩ የሚፈልቅ ምንጭ ነው። ምንጩ በበጋ ይነጥፋል፤ ያኔ ሴቶቹ ገደሉን ወርደው ከወንዙ ይቀዳሉ፣ እንስራ ተሸክመው ይወጣሉ። ወድቃ እንስራዋንም ጽንሷንም ያጣች ሴት አውቃለሁ።

የተላከልኝ ትምህርት «ድምፃችሁን ስጡ» ይላል። ይህን ወደ ኽምጣና ስመልስ ጭንቅ አለኝ። አማርኛው ለምዶት ነው እንጂ ድምፅ ከጉሮሮ የሚወጣ ነገር ነው፤ ፍየል የሚጠሩበት፣ ለቅሶ የሚያለቅሱበት። ሌላ ቃል አላገኘሁምና እንዳለ መለስኩት። ጉሮሯችሁ የሚያወጣውን ለምትመርጡት ሰው ስጡ አልኳቸው። አሰቡበት። ከሴቶቹ መካከል እማ ዘውዴ የሚባሉ፣ መንደሩ የሚሰማቸው አሮጊት እጃቸውን አነሡ።

«ከሰጠነው በኋላ ይመለስልናል?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ስቄ «በየአምስት ዓመቱ ይመለስልዎታል» አልኳቸው።

በምርጫው ቀን እማ ዘውዴ የምርጫ ጣቢያ በሆነው የትምህርት ቤት ክፍል ገቡና በአስመራጮቹ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ጮክ ብለው «ኪሮስ» አሉ። ከዚያ ወረቀቷን ተቀብለው ምልክት አድርገው ወጡ። ከኋላቸው የመጣውም እንደዚያው ቆሞ «ኪሮስ» አለ፤ መንደሩ በሙሉ በዚሁ ቀጠለ። አያ ኪሮስ ያኔ የድርጅቱ ዕጩ ስለነበሩ ማንም አልተቆጣም። አስመራጮቹ ሳቁ፣ የድርጅቱ ሰው ደግሞ «ንቁ ሕዝብ ነው» ብሎ አመሰገናቸው።

እኔ ግን ስህተቱ ገብቶኝ ስለነበር ማታውን ለእማ ዘውዴ ነገርኳቸው። ምርጫ በምስጢር ነው፣ ወረቀቱ ብቻ ይበቃል አልኩ።

«ተደብቆ የሚናገር ሰው ሊዋሽ ነው» አሉኝ። «እኛ ሽማግሌ ፊት ስንመሰክር ቆመን ነው፤ ሁሉም እየሰማ። ድምፅ ስጡ አላልሽንም? ሰጠን።»

ምን ብዬ ልከራከር? ባህላቸው ከሕጉ የተሻለ መስሎ ታየኝ። ዳግመኛ አላነሣሁትም።

ከዚያ በኋላ አያ ኪሮስ የሾላ ምንጭን ጉዳይ አንግበው ተነሡ። ምንጩ በሲሚንቶ ተገንብቶ ውኃው እንዲጠራቀም፣ ቧንቧ እንዲወጣለት በየስብሰባው ጠየቁ። በመጨረሻ ምክር ቤቱ አጸደቀው። ሾላ ምንጭ ሄደን ስንነግራቸው ሴቶቹ እልል አሉ። እማ ዘውዴ የአያ ኪሮስን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ አያ ኪሮስ ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ።

ግንባታው ሳይጀመር ሌላ አጀንዳ መጣ፤ ሥራው መንገድ ዳር ወዳለ ቀበሌ ይዛወር የሚል። ምክንያቱን ሁላችንም አውቀነዋል። መንገድ ዳር ያለውን ከመኪና ሳይወርዱ ያዩታል፤ ሾላ ምንጭን ማን ገደል ወርዶ ይጎበኘዋል?

ያን ቀን አያ ኪሮስ እንደልማዳቸው ተነሡ፣ ቆባቸውን አወለቁ። ስለ እንስራውና ስለ ገደሉ መናገር እንደጀመሩ ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮው ጮኸ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ አጠገባቸው ተቀምጬ እንኳ አንድ ቃል አልሰማም። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፣ የአንገታቸው ሥር ተገታተረ። እኔም ተነሥቼ ጮህኩ፤ የራሴንም ቃል አልሰማሁትም። አፈ ጉባኤው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል ብዬ ነበር። አልጠበቀም። እጁን ወደ ላይ አነሣና ምልክት ሰጠ፤ የፊት ወንበር እጁን አወጣ፣ ከዚያ መካከለኛው፣ ከዚያ የኋላው። ሁለታችን እንደቆምን ቀረን።

ዝናቡ ሲያባራ አፈ ጉባኤው «በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» አለ።

«የትኛው ድምፅ?» አሉ አያ ኪሮስ። «እኔ የሰማሁት ዝናቡን ነው።»

በዚያ ቀን ማንም አልሳቀም። በሥራ ዘመኔ ብዙ ተሸንፌአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን የከበደኝ የለም። ብንሸነፍም ሳንደመጥ ባንሸነፍ ምን ነበረበት እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሾላ ምንጭ ወርደን የነገርናቸው እኛው ነን። እማ ዘውዴ አልተቆጡም፤ ውኃ ቀድተው ሰጡን። ጠጣን።

የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ካለፈ በኋላ ነገሩ ሁሉ ጠበበ። አንድም ወንበር እንዳይባክን ተባለ። አያ ኪሮስ ለግምገማ ቀረቡ። ግምገማ ማለት ሰውየውን መካከል አስቀምጦ ጓደኞቹ በተራ ጥፋቱን የሚቆጥሩበት ስብሰባ ነው። የአንድ ቀበሌ ጠበቃ ሆነዋል፣ የድርጅቱን ውሳኔ በአደባባይ ይነቅፋሉ ተባሉ። ልጃቸውን ያነሣ ሰው አልነበረም። ለሚቀጥለው የአካባቢ ምርጫ በዕጩነት አልቀረቡም።

እሳቸውም በግል እወዳደራለሁ አሉ። ከቀረቡት የመወዳደሪያ ምልክቶች ውስጥ ቅል መረጡ። እኔ ከድርጅቱ ወጥቼ ልከተላቸው ብዬ ነበር።

«አንቺ ዝናሽ፣ ከዚያው ሁኚ» አሉኝ። «ሁላችን ከውጭ ከሆንን ውስጥ የሚባለውን ማን ይሰማል?»

ስለዚህ በራሴ ቀበሌ የድርጅቱ ዕጩ እንደሆንኩ ቀረሁ። መራጭ እንዳስተምር ዳግመኛ የተላክሁት ሾላ ምንጭ ነው። በዚህ ጊዜ ቃሉን አጥብቄ ያዝኩት። ዘንድሮ በአፍ አይነገርም፣ በወረቀት ብቻ ነው፣ ከተናገራችሁ ይታወቅባችኋል አልኩ። እማ ዘውዴ ትክ ብለው አዩኝ።

«ያን ጊዜ ስንናገር አመሰገናችሁን። አሁን ምን ተገኘ?»

«ያን ጊዜ አያ ኪሮስ የድርጅቱ ሰው ነበሩ፣ እማ።»

«ኪሮስ ያው ኪሮስ ነው። ውኃችንን የጠጣ እሱ ነው። እኔ እንደ ሌባ ጥግ ይዤ አልንሾካሾክም፤ የፈለገ ይወቅብኝ።»

በምርጫው ቀን በቀበሌዬ ማልጄ መርጬ ወደ ሾላ ምንጭ ወረድኩ። ጣቢያው አካባቢ መቆም ስለማይፈቀድልኝ ራቅ ብዬ ከሾላው ሥር ተቀመጥኩ። የክፍሉ መስኮት ክፍት ነበር። መጀመሪያ የእማ ዘውዴን ድምፅ ሰማሁ፤ «ኪሮስ»። ከዚያ የባላቸውን። ከዚያ አንድ ጎርናና ድምፅ፣ ከዚያ የአዲስ ሙሽራ የምትመስል ቀጭን ድምፅ፣ ከዚያ ሳል ያቋረጠው የሽማግሌ ድምፅ። አስመራጩ ሲከለክላቸው ይሰማኛል፤ ይሉኝታም ፍርሃትም አልያዛቸውም። የቀበሌው ሚሊሻ ደግሞ ገብቶ የድርጅቱን ዕጩ ስም በግልጽ ተናገረ። ማንም ክፉ ቃል አልወረወረበትም፤ ሲወጣ እንደ ሌላው ሰው ቦታ ለቀቁለት። ሌሎች ጥቂቶችም እሱ ያለውን ስም አሉ። ቀኑን ሙሉ ሰማሁ። እውነቱን ለመናገር ከምክር ቤት ዘመኔ ሁሉ ደስ ያለኝ ያቺ ቀን ናት፤ ምርጫ የሚባለውን ነገር በጆሮዬ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ አስመራጩ በሩ ላይ ቆሞ ውጤቱን ተናገረ። በሾላ ምንጭ ያሸነፈው የድርጅቱ ዕጩ ነው፣ ያውም በሰፊ ልዩነት።

የጮኸ ሰው የለም። እርስ በርሳቸው ተያዩ። በሌላ መንደር ቢሆን ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠረጥር ነበር፤ እሱ ነው የከዳን፣ እሷ ናት ይል ነበር። እነሱ ግን አንዱ የሌላውን በጆሮው ሰምቷልና የሚጠረጥሩት ሰው አልነበረም። ሚሊሻው አንገቱን ደፍቶ መሬቱን በጫማው ይጭር ጀመር። እሱም ሰምቶ ነበር።

እማ ዘውዴ ወደ ሾላው መጥተው አጠገቤ ቆሙ። «ዝናሽ፣ ድምፃችን የት ሄደ?» አሉኝ። እንደ ሌላ ሰው ምሬት መናገራቸው አልነበረም። ስለጠፋ ፍየል እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቁኝ፤ አይተሽው እንደሆነ ንገሪኝ ዓይነት።

ከአያ ኪሮስ ጋር አቤት ልንል ወጣን። የትኛው ቢሮ እንደሆነ ልተወው። ኃላፊው ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ወንበር ሰጠን። አያ ኪሮስ ቆባቸውን አውልቀው ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዱት። ኃላፊው አዳምጦ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«ማንን እንደመረጡ በምን አወቃችሁ?»

«ጮክ ብለው ሲናገሩ ሰምቻለሁ» አልኩ።

«ድምፅ ምስጢር ነው፣ ወይዘሮ ዝናሽ። በአፋቸው ከተናገሩ ሕግ ጥሰዋል። አቤቱታውን ልቀበላችሁ እችላለሁ፤ ግን ያኔ የተናገሩት ሁሉ ይጠየቃሉ። መራጮቹን ያስተማራቸው ማን ነበር?»

እኔ ነበርኩ። ያለን ማስረጃ ጥፋታቸው ሆኖ ቁጭ አለ። አቤት ብንል ከእማ ዘውዴ ጀምሮ መንደሩን ለክስ አሳልፈን ልንሰጥ ነው፤ ዝም ብንል ደግሞ ድምፃቸው ጠፍቶ ሊቀር ነው። አያ ኪሮስ ተቀምጠው እንዳሉ ቆባቸውን አጠለቁ። «ተይው ዝናሽ፣ እንሂድ» አሉ። ከዚያ ወዲያ በሰው ፊት ቆመው ሲናገሩ አላየኋቸውም። ሰሃላ ወደተዳረች ልጃቸው ሄዱ፤ አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ባገኛቸው ስለ ፍየል ዋጋ አወሩኝ፣ ሌላ ነገር አላነሡም።

እኔ በዚያው ምርጫ ተመርጠሻል ተባልኩ። በቀበሌዬ ሰው ሁሉ በዝምታ ስለመረጠ ማን እንደመረጠኝ፣ የመረጠኝ ሰው ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለኝ ያልመረጠኝ ሰው ይሆን እያልኩ አየዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሾላ ምንጭ የሄድኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወጣቶቹ ተሰደው አልቀዋል፤ ግማሹ በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ዓረብ ሀገር፣ ግማሹ ወደ ከተማ። ምንጩ ዛሬም አልተሠራም። አዲስ ካድሬ ተመድቦ ነበርና ለማስተርጎም አብሬው ወረድኩ። በአካባቢው ሊሠራ ስለታሰበው የእርከን ሥራ ገለጠላቸው፤ በነፃ ጉልበት ነው፣ ውኃ ግን የለበትም። ተረጎምኩ።

«እሺ፣ የሕዝቡን አስተያየት እንስማ» አለ።

ማንም አልተናገረም። በዓይናቸው እንኳ አልተያዩም። ካድሬው ደጋግሞ ጠየቀ። እኔም በእናቴ ቋንቋ ለመንኳቸው፤ ተቃወሙን፣ ስደቡን፣ ብቻ አንድ ነገር በሉ አልኩ። በመጨረሻ እማ ዘውዴ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። እጅግ አርጅተዋል።

«እኛ ድምፃችንን ሰጥተናል» አሉ በኽምጣና። «ይመለስላችኋል ብለሽን ነበር፣ አልተመለሰም። ታዲያ በምን እንናገር?»

«ምን አሉ?» አለኝ ካድሬው።

እንዳሉት ልነግረው ጀመርኩ። «‹እኛ ድምፃችንን ሰጥተናል› ይላሉ...»

የቀረውን አላስጨረሰኝም፤ ፊቱ በራ። «በጣም ጥሩ። ድምፅ ከሰጡማ ጸድቋል» አለና አጨበጨበ። ብቻውን ነበር የሚያጨበጭበው።

እማ ዘውዴ ጭብጨባውን አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አለ?» አሉኝ።

ዕድሜዬን በሙሉ የአንዱን ቃል ለሌላው ሳደርስ ኖሬ ያን ጊዜ በአማርኛም በኽምጣናም የምላቸው አጣሁ። ክንዳቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው። በወሩ ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ምክር ቤቱን ለቀቅሁ፤ ጋቢውንም አለበሱኝ።